የተሳቢ መብራትና የመመለሻው መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወጣው የደብረ ዘይት መንገድ፣ በጻድቁ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ሳሪስ አቦ የሚል ስም ያገኘውን ሠፈር አቋርጦ ወደ ቃሊቲ በሚያመራበት ቦታ፣ ምሽት ላይ ከዳር የቆመ ሰው የአገሪቱ ንግድ በፊቴ አለፈ ቢል ማጋነን አይሆንበትም። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ በር ስለ ተዘጋ፣ ስንዴውም ማዳበሪያውም ብረቱም አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በጋላፊ፣ በሰመራ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በአዳማና በሞጆ አድርጎ፣ በከባድ መኪናና በተሳቢው ላይ ተጭኖ ወደዚህች ከተማ ይደርሳል። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ እንኳ የጎማው ድርሻ ከፍ እንዳለ ነው። ስለዚህ በሳሪስ ጋራዦች ደጃፍ ተሰልፈው ከሚታዩት ተሽከርካሪዎች መካከል፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ጎማውም ሳይጎድል የተሳቢው መብራት አልበራ ብሎ የቆመ መኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የዚህም ምዕራፍ ሐተታ ስለዚያ መብራት ነው።

ጉዳዩ ጥቃቅን የሚመስለው ሰው ቢኖር በስሌት ሊረዳው ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት 33 ሜትር፣ ከዚያም ፍሬኑ ይዞ መኪናውን እስኪያቆመው ድረስ በደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 40 ሜትር ያህል፣ በድምሩ ከ70 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል፤ ዝቅ ብሎ የበራ የፊት መብራት ግን አቧራ የለበሰን ጥቁር አካል ከ50 ሜትር ርቀት በላይ አጥርቶ ማሳየቱ እምብዛም ነው። በነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የጎደለው 20 ሜትር የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ርቀት ነው። መኪና ሲበላሽ ከኋላው የዛፍ ቅርንጫፍና ድንጋይ መደርደር በአገራችን የቆየ ልማድ መሆኑ ይታወቃል፤ የደራጊው አሳብ በጎ ቢሆንም ቅጠል ብርሃን አይሰጥም፣ ድንጋዩም መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ በጽልመት መካከል ተረስቶ ይቀርና ሌላውን መንገደኛ ያሰናክላል። ለከባድ ጭነት መኪና በከተማይቱ ውስጥ የሚፈቀደው ሰዓት የተወሰነ በመሆኑ ብዙው ጉዞ ወደ ማታ እንደሚገፋም ሲታሰብ፣ የተሳቢ መብራት ጉዳይ ከጌጥ ሳይሆን ከነፍስ ጉዳይ የሚቈጠር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የተሳቢ መብራት ሲጠፋ በየጋራዡ አስቀድሞ የሚደረገው አምፖል መለወጥ ነው። «ልጄ፣ የግራው ፍሬቻ አልበራ ብሏል፤ አምፖል ለውጥልኝ» ይላል በዕድሜ የገፋው ሾፌር፤ «እሺ ጋሼ» ይላል ወጣቱ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ። አምፖሉ ይለወጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሒሳቡም ይከፈላል፤ መኪናው አዋሽ ሳይደርስ ግን መብራቱ ተመልሶ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ የተሸጠልኝ አምፖል ብልሹ ነበር ብሎ ያማርራል። እውነተኛው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ሠራተኛው አሮጌውን አምፖል ነቅሎ አዲሱን ሲያስገባ በመቀመጫው ውስጥ ያለው ዝገት በመጠኑ ተፋቀ፣ ብረትና ብረት ለጥቂት ሰዓት ተገናኙ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ደግሞ ተለያዩ። የወለቀው አምፖል በብርሃን ላይ ተይዞ ቢታይ ክሩ ሳይበጠስ ይገኝ ነበር።

በአሳቤ በዚህ ሥራ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ቸልታ ነው፤ ይኸውም የኤሌትሪክን መምጫ ብቻ እየፈለጉ መመለሻውን አለመጠየቅ ነው። ከባትሪው የተነሣው ኃይል በሽቦው ሄዶ፣ አምፖሉን አብርቶ፣ በሌላ መንገድ ወደ ባትሪው ካልተመለሰ በቀር ጉዞው ከቶ አይጀመርም። በየወሩ በ5ኛው ቀን፣ ይልቁንም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 የአቦ በዓል ሲከበር፣ ምእመናን በአንደኛው በር ገብተው፣ ተሳልመው፣ በሁለተኛው በር የሚወጡበትን አንድ ቅጽር በሐሳባችን እንሳል። የመውጫው በር ቢዘጋ ግቢው ይሞላና የመግቢያውም በር ያለ ዘበኛ የተዘጋ ያህል ይሆናል፤ ከውጭ ሆኖ ሰልፉን የሚያይ ሰው ግን ችግሩ በመግቢያው ያለ ይመስለዋል። ደግሞም የተጨነቀው ሕዝብ በአጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ቢያገኝ በእርስዋ መውጣት ይጀምርና፣ ሰው ሊገኝበት በማይገባው በጎረቤት ጓሮ ውስጥ ሰው ይታያል። ኃይለ ኤሌትሪክም መመለሻው ሲዘጋበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በመኪና ላይ ያ መመለሻ ማሳ ይባላል። የመኪናው ሻንሲ ራሱ ብረት በመሆኑ ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር ታስሮ የመመለሻ መንገድ ሆኖ ያገለግላል፤ ተሳቢው ግን ለብቻው የቆመ ሌላ አካል ስለሆነ መመለሻው እንደ መምጫው ሁሉ በገመድና በሶኬት ማለፍ አለበት። የከባድ መኪና ኤሌትሪክ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው የሚሰጡት 24 ቮልት ሲሆን፣ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 28 ቮልት ይጠጋል። ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚሻገረው ገመድ ሰባት ሽቦዎች አሉት፤ አይኤስኦ 1185 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት 1ኛው ነጭ ሆኖ ማሳ ነው፣ 2ኛው ጥቁር የግራ የኋላ መብራትን፣ 3ኛው ቢጫ የግራ ፍሬቻን፣ 4ኛው ቀይ የፍሬን መብራትን፣ 5ኛው አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻን፣ 6ኛው ቡናማ የቀኝ የኋላ መብራትን ያበራሉ፤ 7ኛው ሰማያዊ ለኋላ የጭጋግ መብራት ወይም ለሌላ ተጨማሪ ግልጋሎት የተተወ ነው። የግራና የቀኝ የኋላ መብራቶች በሁለት ሽቦና በሁለት ፊውዝ የተለያዩት አንደኛው ቢጠፋ ሁለተኛው ቀርቶ የተሳቢውን መኖር እንዲመሰክር ታስቦ ነው፤ ይህን ያሰቡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። የቀለሙን ነገር ግን አንባቢው በፍጹም ልቡ አይመነው፤ አንድ ተሳቢ በብዙ ጋራዥ ባለፈ ቁጥር በቀይ ፈንታ ጥቁር፣ በነጭ ፈንታ በእጅ የተገኘው ሁሉ ይቀጠልበታልና፣ የሚታመነው በሶኬቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። በፒክ አፕ የሚጎተቱት ትናንሾቹ ተሳቢዎች ደግሞ 12 ቮልት ሆነው ቁጥራቸው ሌላ ነው፤ በነርሱ ዘንድ ማሳው 3ኛው፣ የግራ ፍሬቻው 1ኛው ስለሆነ፣ የአንዱን ሥርዓት ለሌላው ያዋለ ሠራተኛ ማሳውንና ፍሬቻውን አለዋውጦ ይቀራል። ባለ 12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት ላይ ሲገባ ወዲያው ይቃጠላል፤ ባለ 24ቱም በ12 ላይ ፈዝዞ ይቀራል።

ከሰባቱ መካከል ነጩን ለይተን እንመልከተው። ሌሎቹ ስድስት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሸክም ብቻ ሲሸከሙ፣ ነጩ የሁሉንም ሸክም ብቻውን ይመልሳል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ወፍራም ሆኖ ይሠራል፣ ስለዚህም የርሱ ጉዳት የሁሉም ጉዳት ነው። ሁለት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖሎችና ዐሥር ባለ 5 ዋት የኋላና የጎን መብራቶች በአንድነት ቢበሩ 92 ዋት ይሆናል፤ ይህም በ24 ቮልት 4 አምፔር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ በነጩ ሽቦ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ዝገት 2 ኦም ያህል እንቅፋት ቢፈጥር፣ ወደ 6 ቮልት የሚጠጋው ኃይል በዚያ ዝገት ላይ በከንቱ ይቀራል፤ ለአምፖሎቹም 18 ቮልት ብቻ ይደርሳቸዋል። የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት የሚወድቅ ስለሆነ፣ ቮልቱ ሩብ ሲጎድል ብርሃኑ ከግማሽ በላይ ይጎድላል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሲያይ መብራቱ በርቶ ያገኘዋል፤ ከኋላው በአቧራ ውስጥ የሚመጣው ሰው ግን አያየውም።

ነጩ ሽቦ ጭራሹን ሲበጠስ ምልክቱ የተለየ ነው። የግራ ፍሬቻ ሲሰጥ የፍሬን መብራት አብሮ እየፈዘዘ ይርገበገባል፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይደክማል፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይታመማል። ይህ በኤሌትሪክ ሽቦዎች መደባለቅ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የተሳቢውን ሽቦ ሁሉ አውጥተው በአዲስ የሚዘረጉና የድሃ ሾፌር ገንዘብ የሚያስወጡም አሉ። የሆነው ነገር ግን በፍሬቻው አምፖል ያለፈው ኃይል በነጩ መመለስ ሲያቅተው፣ በፍሬን አምፖሉ ክር በኩል ወደ ኋላ ሄዶ፣ በቀዩ ሽቦ ወደ መኪናው ተሻግሮ፣ በመኪናው የፍሬን አምፖሎች አድርጎ ማሳውን ማግኘቱ ነው። በመንገዱ ያገኛቸውን ሁሉ እየነካ ስለሚያልፍ ሁሉም ይፈዛሉ። መብራቶች እርስ በርስ ሲደናገሩ ያየ ሰው አስቀድሞ ነጩን ይመርምር፤ ከብዙ ድካም ይተርፋል።

ምርመራው የሚጀመረው ሁለቱ ተሽከርካሪዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀልና ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል፤ ጥፋቱ ከመኪናው ነው ወይስ ከተሳቢው? በዚህ ላይ አንድ ረዳት ጋቢና ገብቶ መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ፍሬኑን በየተራ ሲሰጥ፣ ሠራተኛው በመሞከሪያ አምፖል የሶኬቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይነካል። እዚህ ላይ በጣም አስፈላጊ የሆነውን ነገር አጥብቄ ልናገር። የመሞከሪያው አንደኛው ጫፍ መታሰር ያለበት በሶኬቱ በራሱ 1ኛ ቁጥር ላይ ነው። እንደ ልማድ በመኪናው ሻንሲ ላይ ቢታሰር፣ መሞከሪያው በሻንሲው በኩል የራሱን መመለሻ አግኝቶ ይበራል፤ ሠራተኛውም መኪናው ደኅና ነው ብሎ ወደ ተሳቢው ይዞራል፤ የተበጠሰው የሶኬቱ ማሳ ግን እንደ ተበጠሰ ይኖራል። በ1ኛው ቁጥር ላይ ታስሮ ሁሉም ከበሩ መኪናው ነጻ ነው። ምንም ካልበራና ጫፉ ወደ ሻንሲ ሲዛወር ከበራ፣ ጥፋቱ ያለ ክርክር ከማሳው ነው።

መልቲሜትር በዘመናችን በየሠራተኛው እጅ ይገኛል፤ መልካም መሣሪያ ቢሆንም በዚህ ሥራ ላይ ብቻውን ሲቀር ያታልላል። የሚጠጣው ኃይል ከምንም የሚቈጠር አይደለምና፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮቹ አንዲት ብቻ የቀረችለት ሽቦ እንኳ በመልቲሜትር ፊት ሙሉ 24 ቮልት ያሳያል፤ ባለ 21 ዋት አምፖል ሲጫንበት ግን ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ መለካት የሚገባው መብራቱ በርቶ ሳለ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ዘዴ አንደኛውን የመልቲሜትር ጫፍ በበራው አምፖል መቀመጫ ማሳ ላይ፣ ሁለተኛውን በረጅም ሽቦ ቀጥሎ በባትሪው ነጌቲቭ ላይ አድርጎ መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከግማሽ ቮልት ካለፈ በመመለሻው መንገድ ላይ ኃይል የሚበላ እንቅፋት አለ። ከዚያም ጫፉን ከተሳቢው ሻንሲ ወደ ስፒናው፣ ከስፒናው ወደ ሶኬቱ፣ ከሶኬቱ ወደ መኪናው ሻንሲ እያቀረቡ ሲለኩ፣ ቁጥሩ በድንገት በሚወርድበት መገናኛ ላይ ደዌው ይገኛል።

ደዌውን የሚያመጣው የመንገዱ ጠባይ ነው። ከሳሪስ የተነሣ ተሳቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ወርዶ ወደ አፋር ሐሩር ይገባል፣ በመተሐራ የበሰቃን ሐይቅ ጨዋማ ውኃ በግራና በቀኝ እያየ ያልፋል፣ በጅቡቲ የባሕር ጨው በተሞላ አየር ውስጥ ጭነት ሲጠብቅ ይሰነብታል፣ ተመልሶም በክረምት ዝናብና ጭቃ ይቀበለዋል። ቀን በሙቀት የተለጠጠው አየር ከሶኬቱና ከመብራቱ ፋኖስ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበትና ጨው ይዞ ይገባል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በናሱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይታያል፤ ሽቦውም ጫፉ ቢላጥ መዳብነቱ ጠፍቶ እስከ ውስጥ ጠቁሮ ይገኛል። የጠቆረ ሽቦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቈረጥ፤ በላዩ ላይ መቀጠል ዝገቱን ማሸግ ነው። ናሱ በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይፋቅ፣ የላሉት የስፒናው እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ጥቂት ይከፈቱ፣ ከዚያ ቀጭን ቅባት ይቀባ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ያደርሳል፤ ፕላስተሩ በአፋር ሙቀት ሙጫው ሲቀልጥ ግን ውኃ መያዣ ይሆናል። በቆርቆሮ የተበየደና በሚኮማተር ፕላስቲክ የታሸገ ቅጥል ዋጋው በጥቂት ይበልጣል፤ ዕድሜው ግን አይወዳደርም። የሶኬቱም ክዳን ስፕሪንጉ ከተሰበረ ይለወጥ፤ በላስቲክ ከረጢት ማሰር እርጥበቱን አጥሮ ማኖር ነው።

ቆሞ ሲታይ የሚበራ፣ ሲሄድ የሚጠፋ መብራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከኋላው ያለው ተሳቢ በራሱ የፊት ጎማ ላይ የሚዞር ከሆነ፣ የፊተኛው አካል ከኋለኛው ጋር የሚገናኘው ግራሶ በተሞላ ክብ ብረት ላይ ነው፤ ሰሚ ትሬለርም በመኪናው ላይ የሚያርፈው በግራሶ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ነው። በነዚህ ብረቶች በኩል ማሳ ይተላለፋል ብሎ መተማመን፣ ግራሶው ሲሳሳ እየበሩ ሲወፍር እየጠፉ የሚያስቸግሩ መብራቶችን ማትረፍ ነው። ከነጩ ሽቦ በቀር ሌላ መመለሻ አይታሰብ፤ በሚዞረው ብረት ላይም ከፊት ወደ ኋላ የሚሻገር ተለማጭ የማሳ ሽቦ ይታሰር። ሁለተኛው የሚመረመር ቦታ ስፒናው አንገት ላይ ያለው ገመድ ነው፤ በየመታጠፊያው ስለሚታጠፍ፣ ላስቲኩ ደኅና ሆኖ ሳለ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። መብራቱ በርቶ ሳለ ያንን አንገት በእጅ ይዞ ማወዛወዝ ይገልጠዋል።

ፊውዝ እየደጋገመ የሚቃጠል እንደሆነ የተላጠ ሽቦ ከሻንሲ ጋር ተነካክቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ወይም ወደ ጎማው በተጠጋበት ቦታ ይገኛል። በዚህ ጊዜ በፊውዝ ፈንታ ሽቦ መጠምጠም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ፊውዙ ያቆመው የነበረው ኃይል ሽቦውን አግሎ እሳት ያስነሣል፣ በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ብዙዎቹ ደግሞ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ናቸው። ስለ ኤልኢዲ መብራት የምለው አጭር ነው፤ የሚጠጣው ኃይል ጥቂት ስለሆነ በነጩ ሽቦ ላይ ያለው ሸክም ይቀልለታል፣ ይሁን እንጂ ለክር አምፖል የተሠራ ፍላሸር አምፖል እንደ ተቃጠለ ቈጥሮ ፍሬቻውን ሊያፋጥነው ይችላል፤ ለርሱ የተሠራውን ፍላሸር መግጠም ይበቃል።

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መኪናው ቆሞ፣ መብራቶቹም አንድ በአንድ ተሰጥተው የሚታዩበት ስለሆነ፣ ከላይ የዘረዘርነውን የመመለሻ ድካም ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ጥገናው ሲያልቅ የሚደረገው ፈተና ከዚያ ይጠንክር፤ የኋላው መብራት፣ የጎኑ፣ ፍሬቻውና ፍሬኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰጡ፣ ሞተሩም ይሥራ፣ ረዳቱ ከተሳቢው ኋላ 20 እርምጃ ያህል ርቆ ይቁም። ከዚያ ሾፌሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ አዙሮ በዝግታ ጥቂት ጥቂት ይንዳ፤ ረዳቱም የጠፋውን ወይም የፈዘዘውን መብራት በስሙና በጎኑ እየጠራ ይንገረው። ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ገመዱ አጥሯል ወይም በአንገቱ ተበጥሷል፤ መቀጠያ ሳይፈለግለት በሙሉው ይለወጥ።